ያልፈረምሽበት ካርድ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደግፊያለሽ ወይስ ቅባቱ ፈየደልሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም በልልኝ ብላለች፣ ልጄም እንዲሁ። ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ አስተዳደጌ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ስምሽ ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

በእጄ ስላልጻፍኩት አትቀየሚ። በልጄ ኮምፒውተር ላይ ባንዲት ጣት ፊደል እየለቀምኩ ነው፤ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም። ስደውል አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ሦስት ሳምንት ይቀረኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታቋርጪኝ ተናግሬ መጨረስ አማረኝ።

እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ሰው እንደነበረ ታውቂያለሽ? አሥራ አንድ። መቁጠር የምትችዪው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የጎልፍ ክበቡ ጸሐፊ ካርዴን ተቀብሎ ምቶቼን ደምሮ፣ ሰማንያ ዘጠኝ! ብሎ ሲጮህ ሁሉም አጨበጨበ። ስምንት ዓመት ሙሉ አመታቴን እያየ ከጉድጓድ ውሃ የምትቀዳ ነው የምትመስለው ሲለኝ የኖረው ጥርስ ሐኪም እንኳ ተነስቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጸሐፊው የቀረው የምት ቆጣሪዋ ፊርማ ብቻ ነው ብሎ እርሳሱን ወዳንቺ ገፋው። አንቺ እርሳሱን አነሳሽ፣ አየሽው፣ መልሰሽ አስቀመጥሽው። አልፈርምም አልሽ። አሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷን ከቦታዋ አንቀሳቅሶ ነው የመታው፣ ሁለት ምት ይጨመርበት፣ ዘጠና አንድ ነው አልሽ። የተማሪ ፈተና የምትመልሺ ይመስል ድምፅሽ ከፍም ዝቅም አላለም።

ወንድምሽ እኮ ነኝ!

ምን እንዳልኩሽ አላስታውስም። ጥሩ ነገር እንዳልነበር ግን አውቃለሁ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ያን ባለጥርስ ጫማ ሳላወልቅ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ ቀጭ ቀጭ እያልኩ ስሄድ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ባለቤቴ በር ከፍታ እግሬን አየችና ምን ሆንክ አለችኝ። እህቴን ጠይቂያት አልኳት።

ለመሆኑ ሜዳ ላይ ማን እንዳወጣሽ ረሳሽው? ባለቤትሽ ያረፈ ጊዜ መጋረጃ ዘግተሽ፣ ያንኑ ካባ ለብሰሽ አራት ወር ስትቀመጪ እጅሽን ይዤ የጎተትኩሽ እኔ ነኝ። እኔም ጎልፍ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አንድ ደንበኛዬ ሰዓቱን ስጠግንለት ደስ ብሎት አሮጌ ዱላዎቹን ሰጠኝና ላስስቅሽ ብዬ ይዤሽ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሁለታችን ዘጠኝ ኳስ ኩሬ ውስጥ ከተትን። ዘጠነኛዋ ስትሰምጥ ሣሩ ላይ ተቀምጠሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ያኔ ነው ከቦርሳሽ ወረቀት አውጥተሽ፣ አንተ ስድሳ ሳይሞላህ እነዚህን እናደርጋለን ብለሽ የጻፍሽው።

አምስት ነገር። ዝናብ ሳያስቆመን አሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ መጨረስ። የአምስተኛውን ኩሬ ባንድ ምት መሻገር። ጥርስ ሐኪሙን ማሸነፍ። ከመነሻው ባንድ ምት ጉድጓድ ማስገባት። ከዘጠና ምት በታች መጫወት። አራተኛውን ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺማ ይሄ ምኞት እንጂ ዕቅድ አይደለም ብለሽ በቅንፍ ዘጋሽበት። ዝናቡን አብረን ጨረስነው፤ አንቺ ለሳምንት ተኛሽ፣ እኔ ለሁለት። ኩሬውን በሦስተኛው ዓመት ተሻገርኩት። ጥርስ ሐኪሙን አንቺ አሸነፍሽው፤ ፊቱን ሳየው እኔ ያሸነፍኩት ያህል ደስ አለኝ። የቅንፏን ትተን የቀረችኝ ይቺ ከዘጠና በታች የምትለዋ ብቻ ነበረች። የሚመጣው ዓመት የሚባል ነገር ለኔ የለም፤ ስድሳ ስለሚሞላኝ ነው።

አንቺ ግን ከድሮም እንዲህ ነሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የጎረቤት መስኮት ስሰብር፣ አባታችን ማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ወንድሜ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። የገዛ ልጄን፣ ያቺን አክስቴ አክስቴ እያለች እግርሽ ሥር ያደገችውን፣ በሒሳብ በግማሽ ነጥብ ጥለሻታል። ግማሽ ነጥብ! ልጅቷ ዛሬ መሐንዲስ ሆና እንኳ አንቺ ቤት ስትገባ ጀርባዋን ቀጥ ታደርጋለች። ያኔም ምንም አላልኩሽም፤ ሥራዋ ነው ብዬ ዋጥኩት።

እኔስ ማን ነኝ? ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ሰዓት ከፍቼ ዘግቻለሁ። ያልተበላሸውን ተበላሽቷል፣ አሮጌውን ብሎን አዲስ ነው ብዬ አላውቅም። አሥራ አንድ ሰው ፊት አታላይ ያልሽው ያን ሰው ነው። አታላይ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም ትይኛለሽ። አዎ፣ አልወጣም። ሌላ ምን ሊገባቸው ነው ታዲያ?

አሥራ ሰባተኛው ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ኳሷ ዛፉ ግርጌ፣ ከመሬት ከወጣው ሥር ጋር ተጣብቃ ነበር ያረፈችው። መጥፎ ቦታ። ዱላውን ከኋላዋ አስጠጋሁ። ቆምኩ። እንደምታውቂው ሁልጊዜ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ያን ቀን ግን ዱላው እስኪረጋ ብዬ ከሦስት በላይ ቆጠርኩ። አልረጋም። ኳሷን ነካት፣ አንድ ስንዝር ያህል ተንከባልላ ከሥሩ ወጣችና ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ቀና ስል አንቺ አሥር ሜትር ያህል ርቀሽ፣ ፀሐዩን በእጅሽ ከልለሽ እያየሽኝ ነው። መታኋት። በሕይወቴ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። አዎ፣ ዱላው ነክቷታል። እኔ ግን አልነካኋትም። ይህ ልዩነት ካልገባሽ ሌላ ማስረዳት አልችልም።

ወደ አሥራ ስምንተኛው ስንሄድ ስንት ልጻፍልህ አልሽኝ። አምስት አልኩሽ። እርግጠኛ ነህ ወይ አልሽ። ነኝ አልኩሽ። ትንሽ ሄደን ደግመሽ ጠየቅሽኝ። ጆሮሽ መስማት አቆመ እንዴ ብዬ ጮህኩብሽ። ያኔ አምስት ብለሽ ጻፍሽ። እዚያው ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ ለምን እንቅጩን አልነገርሽኝም? ሦስተኛ ጊዜ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?

እሱንም ተይው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በልጄ ምረቃ ዕለት ብርጭቆዬን በሁለት እጄ ይዤ ስጠጣ አየሽኝ። እንደ ሕፃን ነው እንዴ የምትጠጣው ብለሽ ቀለድሽብኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሱቁን ለእድሳት ዘግቼዋለሁ ስልሽ ግድግዳው ምን ቀለም ሊቀባ ነው ብለሽ ጠየቅሽ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅሽም። ሱቁ አልታደሰም፣ እታለም። ቁንጫ የሚያህል ብሎን ያላቸውን የሴት ሰዓቶች ሁሉ ማዶ ላለው ባልደረባዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ወረንጦዎቼንም ወስዷቸዋል። አሁን የምቀበለው የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ናት፤ ስለቸኮልን ነው እንባባላለን፣ የምንቸኩልበት ግን የለንም።

ሐኪም ጋርም ሄጄ ነበር። ነገሩ አስቂኝ ነው። ወረቀት ሰጠኝና እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠማዘዝ መስመር ሣል አለኝ። ሣልኩለት። አየውና ወደ ጎን አደረገው። ቀጥሎ ኮሪደሩን ሄደህ ተመለስ አለኝ፤ ስመለስ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እጆቼን ነበር። ለስድሳ ዓመት ሰው ይሄ ምን የሚሉት ምርመራ ነው? ሁለት ዓይነት ኪኒን ጽፎልኛል። ማታ ማታ እውጣቸዋለሁ።

አንቺ የሰውን ኳስ ከአሥር ሜትር የምታዪ ሴት ነሽ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ምት አላመለጠችሽም። ታዲያ ይሄ እንዴት አመለጠሽ?

ሐሙስ ዕለት ወደ ክበቡ ሄድኩ። ጸሐፊውን መዝገቡ ላይ ዘጠና አንድ ብለህ አስገባልኝ አልኩት። ጥርስ ሐኪሙ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ መጣና፣ አውቀህ ነው ያንቀሳቀስካት ወይስ ሳታውቅ አለኝ። ሊያሾፍ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አላሾፈም። ሳታውቅ ከሆነ ንገረን፣ ሰው ነህ፣ ያጋጥማል አለኝ። በር ከፈተልኝ ማለት ነው። ሁለቱም ጠበቁኝ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ አውቄ ነው አልኳቸው።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከውድድር ታግደሃል ተባልኩ። እሺ አልኩ።

አሁን ለምን ትይኛለሽ። አታላይ ቢሉኝ ዓመት ሳይሞላ ይረሱታል። የእጆቼን ነገር ቢያውቁ ግን ሻንጣዬን ልያዝልህ እያሉ ይሻማሉ። ከኋላዬ ሲቆሙ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያ ጥርስ ሐኪም አመታቴን መስደብ ያቆማል። እሱን አልችለውም። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለባለቤቴም፣ ለልጄም፣ ለጸሐፊውም። ተሳስቼበት ነበር ብለሽ ስሜን ልታጸጂ እንዳትሮጪ። ይቅርታ ልጠይቀው ብለሽም ደጄን እንዳታንኳኪ። ኳሷ ተንቀሳቅሳለች፣ ሁለት ምት ነው፣ ዘጠና አንድ ነው። ይቅርታ የምትጠይቂበት ምንም ነገር የለም፤ የሚያሳብደኝም እሱ ነው።

የታገድኩት ከውድድር ነው፣ ከሜዳው አይደለም። ቅዳሜ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ የመጀመሪያው መነሻ ላይ እሆናለሁ። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብለሽ መልስ አትጻፊልኝ። ከመጣሽ ዝም ብለሽ ነይ። ካርድም እርሳስም አትያዢ። ኳሷን የእንጨት መትከያዋ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል፤ ያኔ ቆመሽ ከምታዪኝ ጎንበስ ብለሽ አንቺው አስቀምጪልኝ። ምንም ሳትናገሪ። አንድም ቃል ከተናገርሽ ግን እምልልሻለሁ፣ ዱላዎቹን ለቃቅሜ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው።

ገና ንዴቴ አልበረደም። እንዲህ ጽፌ ይቀለኛል ብዬ ነበር፣ አልቀለለኝም። ቢሆንም ካንቺ በላይ የምናደድበት ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለኝም፤ እሱን እወቂልኝ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ። ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ እታለም። እጅሽንም ይጠብቅልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ