አራተኛው አባት

ልጄ አይጃማል፣ ባለሽበት አገር አላህ ከክፉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ባዝራዋ ወልዳለች፣ በረዶው ግን ገና አልለቀቀንም። ምግብ አትዝለይ።

ለዶክትሬትሽ በምትጽፊው ታሪክ፣ ከአባትሽ ወደ ላይ ሲቆጠር አራተኛው አባትሽ ኤሴንኩል፣ ሕዝባችን ከንጉሡ ጦር ሸሽቶ ተራራውን በተሻገረበት በስደቱ ዓመት፣ ጎረቤቱን ኬልዲቤክን ለወታደር ጠቁሞ ማስገደሉን ልታወጪው መሆንሽን አጎትሽ ሰማ። «እስከ ሰባት ትውልድ አባቶቿን በስም እያስቆጠርን አሳድገናት አራተኛውን ልታዋርድ?» ብሎ ጮኸ።

እኔ ግን ባዕድ ሳያነበው የሟቹ ዘሮች ከእኛው አፍ ይስሙት ብዬ፣ በግ ይዤ ወደ ኬልዲቤክ የልጅ ልጅ፣ ወደ አሮጊቷ ቡሩልቻ ሄድኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እናውቅ ነበር እኮ። ከእናንተ ወገን አንድ ሰው እስኪናገረው ነበር የምንጠብቀው» አለችኝ።

ጻፊው ልጄ፤ ብዕርሽን አላህ ያቅናልሽ። አደራ፣ ስትመጪ ከእኔ ደጅ በፊት የእሷን ደጅ ርገጪ።

እናትሽ ጉልሱን