ሦስተኛው ስክሪን

ጥቅምት 6
ዛሬ ወንድሜ መጣ። የኮምፒውተሩን ቀፎ ከፍቶ አንድ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ከነባሩ ጎን ሰካልኝ። ነባሩ የሚችለው ሁለት ስክሪን ብቻ ነው። ሁለቱ ላይ የሕንፃ ፕላን እስላለሁ። ሦስተኛው ለእማዬ... መኝታዋ ውስጥ ካሜራ ሰቀልን፣ ሥራ ላይ ሆኜ እንዳያት። መርሳት ከጀመራት ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሏል።
"ሁለት ካርድ፣ ሁለት ጠባይ ነው። ከተጣሉ ጥሪኝ" አለ እየሳቀ።
ሠራ። እማዬ ሹራቧን ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ መልሳ ስታጥፍ አየኋት።

ጥቅምት 9
ቀፎው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ጎኑን ስነካው ይፋጃል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ... ወይስ መሰለኝ? ነቀልኩት። አሸተትኩት። ካርዱን መልሼ ሰካሁት።

ጥቅምት 13
ሦስተኛው ስክሪን ድርግም አለ። ወንበሩን ገልብጬ ሮጥኩ። እማዬ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላለች።
"ምን አባረረሽ?" አለችኝ።
ምንም አልኳት። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ እዚያው ለወንድሜ ደወልኩ።
"ድራይቨሩ ነው የታመመው፣ አድሺው" አለኝ፤ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም ማለቱ ነው።
እማዬ ሰምታ፣ "የምን ሾፌር ነው የታመመው? ጠይቁታ!" አለች።
ሳቅን። ስንት ጊዜያችን አብረን ከሳቅን...

ጥቅምት 17
የዛሬውን ልጻፈው።
ከምሳ በኋላ እማዬ ተኛች። ስክሪኑ ላይ አየኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፣ አንድ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው። እፎይ ብዬ ሥራዬ ላይ ተደፋሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር እንደዛው ናት። ምን ዓይነት የሰላም እንቅልፍ ነው፣ አልኩ በሆዴ።
በር ተንኳኳ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ የእማዬን ክንድ ይዟል። እማዬ ባዶ እግሯን...
"ልጄ፣ ከአስፋልቱ መሀል ነው ያመጣኋቸው። መኪናው ለጥቂት ነው የሳታቸው።"
"እማዬ ተኝታለች እኮ" አልኩት። እንደዛ ነው ያልኩት! ፊቴ ቆማ!
ደግፌ አስገባኋት። የጓሮው በር ወለል ብሏል። ስክሪኑ ላይ ግን እማዬ አሁንም ተኝታለች። ያው እጅ፣ ያው ብርድ ልብስ። ምስሉ ደርቆ ቀርቷል። ከመቼ ጀምሮ? ያን ሁሉ ጊዜ ፎቶ ነበር የምጠብቀው?
እማዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ብዙ አየችው።
"ያቺ ምስኪን ማናት? ምን ሆና ነው የማትነሳው?"

ጥቅምት 18
ወንድሜ መጥቶ ቀፎውን ከፈተ። የጓሮውን በር ቁልፍም ቀየረ።
"ካርዶቹ አልተስማሙም። አሮጌው ሲግል ምስሉን እንደያዘ ይቀራል። አራት ስክሪን የሚችል አንድ ጥሩ ካርድ እናስገባ።"
"እሱስ እንደማይደርቅ በምን አውቃለሁ?"
ወንድሜ የሳሎኑን ሰዓት አውርዶ ከእማዬ አልጋ በላይ ሰቀለው፣ በካሜራው እንዲታየኝ። "ለጊዜው ይቺን የሰከንድ ቆጣሪ እያት። ቆጣሪዋ ከተንቀሳቀሰች ምስሉ አልደረቀም ማለት ነው።"

ጥቅምት 22
ቀኑን ሙሉ የማየው እማዬን አይደለም፣ ያቺን ቀጭን ቆጣሪ ነው። ዓይኔን ካነሳሁ የምትቆም ይመስለኛል። አለቃዬ ደወለ።
"እህቴ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃ የለም። ሰዎቹ በገመድ ይውረዱ?"
ይቅርታ ጠየቅኩ። እያወራሁትም ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር። የሰዓቱ ባትሪ ቢያልቅስ? አበድኩ እንዴ?

ጥቅምት 25
በቃኝ። ወንድሜን ጠርቼ አሮጌውን ካርድ አስነቀልኩት። ጠረጴዛውን፣ ቀፎውን፣ ሁለቱን ስክሪኖች ይዘን እማዬ ክፍል ገባን። ጠረጴዛው በበሩ አላልፍ ብሎ እግሩን ፈታነው።
"ደግሞ ቢሮ ከፈቱብኝ!" አለች እማዬ። ደስ ያላት ትመስላለች። ካሜራውንና ሦስተኛውን ስክሪን ወንድሜ ወሰደ።

ኅዳር 3
ሰሞኑን ሥራው ይሄዳል። አንድ ካርድ፣ ሁለት ስክሪን፣ ድምፁም ቀንሷል። ትንፋሿን ከኋላዬ እሰማለሁ። ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብዬ ነበር...
ዛሬ ስስል ትኩር ብላ ስታየኝ ታወቀኝ። ዞርኩ።
"አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?"
ያንቺ ልበላት? ብትደነግጥስ? እኔን መርሳቷን ብታውቅስ?
"ጎረቤት ነኝ፣ እማማ" አልኳት።
"ደግ። ልጄ እዛ ማዶ ክፍል ሥራ ላይ ናት። እንዳትጠሪያት፣ ሥራ ይበዛባታል።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እስክትጨርስ ግን አብረሽኝ ሁኚ። ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ... ለሷ አልነገርኳትም።"
ስክሪኖቹን አጠፋሁ። ወንበሬን አልጋዋ አጠገብ ሳብኩ።
"እሺ፣ እማማ። አለሁ።"
እጇን ሰጠችኝ።