የማክሰኞው ደወል

ለእትዬ፣ ላሳደግሽኝ፣

በዚህ ከተማ ምክር ቤት ያለ እኔ ፈቃድ ማንም አርዝሞ አይናገርም! እሺ፣ ፈቃድ አይባል፤ ደወል ደዋይ ነኝ። አቤት ባይ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ስትሞላ እደውላለሁ፤ ይቀመጣል። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ቀና አለልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ የማታ ትምህርት የመጀመሪያውን ዙር ጨርሻለሁ። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ቢንገዳገዱም ቤታቸውን አይስቱም።

ግን እትዬ፣ ነገር ዓለሙ ዞሮብኛል። ማክሰኞ ጠዋት መምህራን አዳራሹን ሞሉት። ተናጋሪያቸው የማታ መምህሬ ነበሩ። እስከ ዛሬ መምህር አንድ በአንድ ቢሮ እየተጠራ፣ የተጻፈለትን ውል ፈርሞ ይወጣል፤ ከእንግዲህ በማኅበራችን አንድ ላይ ሆነን እንደራደር፣ ይህን መብት አጽድቁልን ባዮች ናቸው። እኚሁ መምህሬ በር ላይ አግኝተውኝ፣ አንተ ቀልደኛ፣ ዛሬ እንዳትቸኩልብኝ ቢሉኝ፣ ለእርስዎማ የደወሏን ምላስ እቆርጣለሁ አልኳቸው። ሳቁ።

ሲናገሩ ብታያቸው! አንድ ክፍል ውስጥ ስለታጨቁት ሰባ ልጆች፣ ስለተሰባበረው ወንበር ተናገሩ። ቀጥለው፣ ድርድር ከተፈቀደልን መጀመሪያ የምንጠይቀው ያለ ክፍያ ማምሸት እንዲቀር ነው አሉ። እኔን ያስተማሩኝ በነፃ እያመሹ መሆኑን ገና ያን ጊዜ ሰማሁ። ክው አልኩ። ሁለተኛው ዙር ሊቀርብኝ ነው? አሁን እኔ የማን ወገን ነኝ? ያም ሆኖ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዝም አልኩላቸው። ሰብሳቢው በዓይናቸው ሲቆጡኝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ጥያቄያቸው በሁለት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ሲወጡ መምህሬ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ ሰኞ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል፣ ደብተር ይዘህ ና አሉኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም። እስከ አሁንም አላወቅኩም።

በይ እትዬ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጤናውን አያጓድልብሽ። ደብዳቤዬን ለጎረቤት ብታነቢላቸው አልጠላም፤ ልጁ ጻፈ ይበሉ። ከዚህ በታች ያለችውን ግን ለራስሽ አስቀሪያት።

ሰባት ደቂቃ ያልኩሽ ውሸት ነው። መምህሬ «የማታው ትምህርት ግን…» ሲሉ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ሊሉ እንደነበር አልሰማሁም፤ ማንም አልሰማም። ሲወጡም ስለ ደወሏ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሦስቱ ደቂቃ ሞልቶ ነበር ወይ ብትዪኝ፣ እንጃ። ሰዓቱን አላየሁትም።

ታናሽ ወንድምሽ