ከደይር አናት ወድቀው ስላረፉት አቡ ሙትላቅ፣ ስለተከለከለችውም ፎቶ

እኛ የዋዲ ሙሳ መንገድ መሪዎችና የአጋሰስ ባለቤቶች ማኅበር አባላት፣ ታላቃችን ዑወይድ ኢብን ጀዲዕ (አቡ ሙትላቅ) ባለፈው ማክሰኞ በፔትራ፣ ከቋጥኝ ከተፈለፈለው ከደይር አናት ላይ ወድቀው ማረፋቸውን የምናስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። በንዴትም ነው። ሐዘን ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ቀለም አንጨርስም ነበር።

አቡ ሙትላቅ፣ ፈረንጆች ካሜራ ይዘው ወደ ሸለቆአችን መምጣት ከጀመሩ አንስቶ ፎቶ የሚቀረጽበትን መስታወት የያዘውን ከባድ ሣጥናቸውን በጀርባቸው ተሸክመዋል። የፍርስራሹ ግዝፈት እንዲታይም "እዚያ ቁም" በተባሉበት ሁሉ ቆመዋል።

በ1912 ግምጃ ቤት በምንለው የቋጥኝ ሕንፃ ደጃፍ ቆሙ። ፎቶው እስኪያልቅ አለመነቃነቅ ግድ ነው፤ እሳቸው ጢማቸውን አክከው ባለ ሁለት ራስ ሆነው ወጡ።

በ1921 ከዓለት በተፈለፈለው በጥንቱ ቲያትር ደረጃ ላይ ዝንብ ሲያባርሩ ጭስ መስለው ወጡ። ፎቶ አንሺው ቢቆጣ፣ "ጌታው፣ ዝም ብሎ መቆም የድንጋዩ ሥራ ነው! እኔ ቤተሰብ አለኝ" ብለውታል።

ዘንድሮ በ1926 ሚስተር ኦስትሃይም የተባለው ፎቶ አንሺ ድንኳናቸው ገብቶ ቂጣና ጨው ቀመሰ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሦስት ቀን የጠየቀው አይነፈግም። ይህን ያውቃል፤ አውቆም ጠየቀ። ደይር አናት ላይ ካለው የድንጋይ እንስራ ጫፍ ላይ ውጣልኝ አለ። ወጡ።

"ተነቃነቅህ፤ ድገም!" ደገሙ።

"አሁንም! አንድ ጊዜ ብቻ!"

ልጃቸው ሙትላቅ ከታች፣ "አባዬ፣ በቃ ውረድ! ይሄ ሰውዬ አይጠግብም!" ብሎ ጮኸ።

"እንግዳ ነው ልጄ፤ ዛሬ ቀልድ የለም" አሉት። እውነትም አልተነቃነቁም። ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸው።

በዕድሜያቸው ጥርት ብለው የወጡባት ፎቶ ያቺ ብቻ ናት። ባለቤታቸው ኡም ሙትላቅ አንዲት ቅጂ ቢለምኑት ሰውዬው ምን አለ? "እሱ እኮ ፎቶው ላይ ነጥብ ነው፤ ምን ያደርግልሻል?"

"ነጥብም ቢሆን የኔ ነጥብ ነው!" አሉት። ሣጥኑን ቆለፈ።

የእንግድነቱ ሦስተኛ ቀን ትናንት አልቋል። ፎቶዋ፣ ከሥሯ ስማቸው ተጽፎ፣ ኡም ሙትላቅ እጅ እስክትገባ ድረስ ከአባሎቻችን አንድም በቅሎ፣ አንድም ግመል፣ አንድም ጀርባ የዚህን ሰው ዕቃ ከሸለቆው አያወጣም።

አላህ አቡ ሙትላቅን በጀነት ያኑርልን፤ ለኡም ሙትላቅ፣ ለሙትላቅና አብረዋቸው ለተሸከሙ ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን።

ሚስተር ኦስትሃይም መሄድ ከፈለገ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሣጥኑን ራሱ ይሸከም። ከባድ መሆኑን አላወቀ ይሆናል፤ ሲሸከሙለት የነበሩት እሳቸው ነበሩ።