ጫፏ የተቆረጠች ካርድ

ውድ ሜትር፣

ዛሬ ጠዋት የክበባችን ዓመታዊ ቁርስ ነበር። ካንቺ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ዳቦ ጋጋሪው እንደ ልማዱ አርፍዶ መጣና እንደ ልማዱ በመኪናው አሳበበ። እንቁላሉን ነርሷ ጠበሰችው፤ ግማሹ አርሯል፣ ግማሹ አልበሰለም፣ ግን ማንም አላማረረም። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ወንበሮቹን ደርድሮ ሲጨርስ "መስመሩ ጠሟል" ብሎ እንደገና አፈረሳቸው። አንቺ ብትኖሪ ከአንገትሽ የማይወርደውን ሜትር መዘዝ አድርገሽ "ና ልለካልህና ይውጣልህ" ትዪው ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚለው ሰው አላገኘም። ብቻውን ሲደረድር ቆየ።

ሰው ሁሉ ሄዷል። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ጠረጴዛው ገና እርጥብ ስለሆነ ከወረቀቱ ሥር ፎጣ አንጥፌያለሁ። ይህን መጻፍ የነበረብኝ የዛሬ ዓመት ነው። እንዲያውም ያኔ ደብዳቤም አያስፈልግም ነበር፤ ቤትሽ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። መጥቼ በርሽን ማንኳኳት ብቻ ይበቃኝ ነበር። አልመጣሁም።

ክበቡን የጀመርን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አምስት ነበርን። ሰው "እነዚህ ደግሞ ሥራ ፈቱ እንዴ?" ብሎ ሲስቅብን፣ አንቺ ለክሊኒኩ መጋረጃ ሰፋሽ፣ መምህሩ ፈተና ለሚወድቁ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ጀመረ፣ እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝና ስም መዘገብኩ፣ ተራ አወጣሁ፣ ሰው አዘዝኩ። "አንቺ ፊሽካ ብቻ ነው የጎደለሽ" አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ፊሽካ ሆኖ ቀረ። ባሌ እንኳን ሲናደድ በእሱ ነው የሚጠራኝ።

የቁርሱንም ሐሳብ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ዳቦ ጋጋሪው "ለምን ይሄን ሁሉ ሰው እንሰበስባለን? ዳቦውን በየቤቱ ብናድለውስ?" ሲል የመለስሽለትን አልረሳውም። "ዳቦው ቤቱ ድረስ ይላክለታል፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ሰው ግን በፌስታል አይላክም" አልሽው። የመግቢያ ካርዱም አንድ ዓይነት ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ። መግዛት የሚችል ከእኛ ይገዛል፤ የማይችል ከክሊኒኩ ነርስ በነፃ ይወስዳል። ግን ወረቀቱ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ በሩ አንድ። አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ገዝቶ ይግባ በነፃ ይግባ አታውቂም። ስንት ዓመት እንዲህ በላን። የባንክ ሥራ አስኪያጁና የጥበቃው ሽማግሌ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለ ጥርስ ሕመም ሲያወሩ አየን። ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ሲወጣ መጥቶ ክበቡን የተቀላቀለው በዚያ ወሬ ነው።

እና ያንን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ዱቄትና ዘይት የሚሰጠን ድርጅት ቅጽ ላከልን። "ስንት ችግረኛ ተመገበ?" ይላል። ባዶ ቦታ አይቼ ሳልሞላ ማለፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ስብሰባው ላይ "ቀላል ነው፣ የነፃዎቹን ካርዶች ጫፍ በመቀስ ቆረጥ እናድርግ፤ በር ላይ ስቀበል እቆጥራለሁ፣ ማንም ልብ አይልም" አልኩ። ሁሉም እሺ አለ። አንቺ አልነበርሽም። ባለቤትሽ ከጭነት መኪናው ላይ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ሦስተኛ ወሩ ነበርና እሱን ስታስታምሚ ቀረሽ። ብትኖሪ መቀሱን ከእጄ ትነጥቂኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ቤትሽ መጥቼ የስፌት መኪናሽ ቦታ ባዶ ሆኖ አየሁት። "የት ሄደ?" አልኩሽ። "ጥገና" አልሽኝ። አመንኩሽ። የሰው ስም ከነአባቱ የማልረሳ ሴት፣ ያንቺም የባልሽም ሥራ የቆመበትን ቤት አይቼ "ጥገና" ስትዪኝ አምኜ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

የቁርሱ ዕለት ጠዋት በጓሮ፣ በወጥ ቤቱ በር ሳይሆን እንደ እንግዳ በፊት ለፊት መጣሽ። ያቺን ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ ነበር። ባለቤትሽ ክራንቹን ተደግፎ ደረጃው ሥር ቀርቷል። ካርድ ዘረጋሽልኝ። ጫፏ የተቆረጠች ናት። እኔ ደደቧ ከየትም አንስተሽ ልትቀልጂብኝ መሰለኝ።

"ውይ ሜትር!" አልኩሽ፣ ያውም በዚህ ድምፄ። "ይቺ እኮ ያንቺ አይደለችም! ጫፏ የተቆረጠችው የችግረኞቹ ናት!"

ከኋላሽ የተሰለፈው ሰው ሁሉ የየራሱን ካርድ አየ። አንዲት እናት ካርዷን በአውራ ጣቷ ስትሸፍን አየኋት። አንድ ሰውዬ ሰዓቱን የሚያይ መስሎ ከሰልፉ ወጥቶ ሄደ። አንቺ ሳቅ አልሽና "አይ፣ ተሳስቼ ነው" አልሽኝ። ከዚያ በጎኔ አልፈሽ ወጥ ቤት ገባሽ፣ ሽርጥሽን ከሚስማሩ አውርደሽ አሰርሽ፣ ካርዷን ኪሱ ውስጥ ከተትሽ፣ ማንቆርቆሪያውን አነሳሽ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ሻይ ስትቀጂ ዋልሽ። አንድ ቁራሽ ዳቦ አልቀመስሽም። ባለቤትሽ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀሽ፤ እኔም ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፌ "እንዴት አደርክ፣ ተሻለህ?" ብዬዋለሁ። ግባ አላልኩትም። ስትሄጂ እንደ ሁልጊዜው ሽርጥሽን ለማጠብ ይዘሽው ሄድሽ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ቢሮዬን ዘጋችና ቆማ ነገረችኝ።

"ሁለት ካርድ የወሰደችው ከእኔ ነው። ለራሷና ለባሏ። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች።"

"ለምን ለእኔ? ለእኔ እንዴት አይነገረኝም?"

"'ፊሽካ ከሰማች ቤቴን በዳቦ ትሞላዋለች፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እንደ ሰው ቁጭ ብዬ መብላት ነው' ነው ያለችኝ።"

ሜትርዬ፣ ይህን ሰምቼ እንዴት አልመጣሁም? ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። አንድ ቀን በርሽ ድረስ መጥቼ የመጥረጊያሽን ድምፅ ሰምቼ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ደወልኩልሽና ስታነሺ ስለ ቃለ ጉባኤ አወራሁሽ። ስለ ቃለ ጉባኤ! አንቺም በትዕግሥት ሰማሽኝ፤ "ሌላስ?" አልሽኝ፤ "ሌላ ምንም" አልኩሽ። ያ "ሌላስ" እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። አፍሬ ነበር። እፍረቴ ሲበዛ ደግሞ "እሷስ ለምን አትመጣም?" ብዬ አንቺኑ መውቀስ ጀመርኩ። ክረምቱ ገባ፣ ሳንባሽ ታመመ አሉኝ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ። ዓርብ ሞትሽ።

ለቅሶሽ ላይ ሰዎች እጄን ይዘው "አይዞሽ፣ እንደ እህት ነበራችሁ" ይሉኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኳቸው። የተሰረቀ ዕቃ የሰጡኝ ያህል ነው የከበደኝ።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አንዱንም ሳላስቀር። ከዚያ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ "እሺ ስንል እኛም እዚሁ ነበርን" አለኝ። የዘንድሮውን ቅጽ ባዶውን መለስነው። ዱቄቱም ዘይቱም ቀረብን፤ ዱቄቱን ገዛን፣ እንቁላሉን በቅቤ ጠበስን። ካርዶቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ አንድም የተነካ የለም።

እና ዛሬ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ባለቤትሽ መጣ። ክራንቹን ትቶ አሁን በከዘራ ይሄዳል። ሽርጥሽን አጣጥፎ፣ ተኩሶት ይዞታል።

"የእናንተ ነው" አለኝ። "ኪሱን እዪው።"

ያቺ ካርድ ናት። ግን ጫፏ አልተቆረጠም። ማለቴ፣ ተቆርጧል፣ አንቺ ግን ከሌላ ወረቀት ልክክ ያለች ጫፍ አውጥተሽ በነጭ ክር ሰፍተሽባታል። በእጅ፤ መኪናሽ የለማ። ስፌቱ እንዴት ደቃቅ ነው፣ አንቺ ልጅ! በጣቴ ባልዳስሰው ኖሮ ልብ አልለውም ነበር።

"መቼ ነው የሰፋችው?" አልኩት።

"በዚያው ሳምንት። እየሳቀች ነው የሰፋችው። 'በሚመጣው ዓመት በዚችው ነው የምገባው፤ ፊሽካ በሩ ላይ ቆማ ታሳልፈኝ እንደሆን አያለሁ' አለች። ከዚያ ደግሞ በሩ በተንኳኳ ቁጥር 'እሷ ትሆናለች' ትለኝ ነበር።"

አንቺ ይቅርታውን ሰፍተሽ ጨርሰሽ፣ ኪስሽ ውስጥ አስቀምጠሽ እየጠበቅሽኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሁለት መንገድ መሻገር አቅቶኝ ቀረሁ።

በሩን ለነርሷ ሰጥቼ ባለቤትሽን እጁን ያዝኩና አስገባሁት። መስኮቱ አጠገብ፣ አንቺ በምትወጂው ጠረጴዛ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳህን አመጣሁ። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳላዝ፣ ምንም ሳልቆጥር ቁጭ ብዬ በላሁ። ስለ አንቺ ብዙ አወራን። ያረረውን እንቁላል እየበላ ሳቀ፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። አጠገባችን የነበረች የማላውቃት ሴትዮ ምንም ሳትጠይቅ ሻያችንን ደጋግማ ሞላችልን። ካርዷን ገዝታት ይሁን በነፃ አግኝታት አላውቅም።

ሽርጥሽ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ካርድሽን ከዛሬዎቹ ካርዶች ጋር፣ መሃላቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከትቻታለሁ። በሩን ከመቆለፌ በፊት ግን የዛሬ ዓመት ልልሽ የሚገባኝን እዚህ ልበልሽ።

ግቢ፣ ሜትርዬ። ካርድሽ ልክ ነው።

በሩ ላይ የቆመችው፣
ፊሽካሽ