አራት ግራ እግር ያለው አንበሳ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ደብተሯን ከልጆች ዕቃ ሳጥን ነው ያነሳኋት። ሽፋኗ ላይ ቀጭኔ አለች፣ ምላሷን አውጥታ። አስቀናችኝ... እኔ እንግዳ ላይ ምላሴን ባወጣ የሳፋሪ ሎጃችን ኃላፊ ማሪና በዚያው ቀን ታባርረኛለች።

ሙቀት። ዝናብ የለም። የማሩላ ዛፉ ፍሬ መርገፍ ጀምሯል። ከኩሽናው ጀርባ መሬቱ ሁሉ ቢጫ፣ ዝንጀሮዎቹም ከኛ ቀድመው ደርሰዋል።

አራት ሰዓት ላይ የልጆች ሰዓት። ስድስት ልጆች። ጭቃ ላይ የታተመ ዱካ ፈልገን ጄሶ እናፈስበታለን፣ ሲደርቅ ፈልቅቀን ስማቸውን እንጽፍበታለን፣ ወደ ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ከዘጠነኛ ክፍል ሸሽቼ መጥቼ አስተማሪ ሆኜ አረፍኩት! እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ልጄማ የጄሶ ፕሮፌሰር ነው» ትላለች።

ከዚያ የሚዳቋ በጠጥ በአፍ የመትፋት ውድድር። ደረቅ ነው፣ ሣር ብቻ ነው፣ ምንም አይልም። አንድ አባት ግን ቸኮሌት መስሎት አኘከ። ቸኮሌት ነው ያልኩት እኔ ነኝ? ...እኔ ነኝ።

ምሳ ላይ ከማሉሜ ካዛሙላ ሳህን ሥጋ መነተፍኩ። እንደ ወጉ። ማሉሜ ማለት አጎት ነው፤ የእናቴ ወንድም ነው፣ እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ ሥጋውን ብሰርቅ፣ ኮፍያውን ብደብቅ፣ በሰው ፊት ባላግጥበት መቆጣት አይችልም። ከኛ ከሻንጋኖቹ ሕግ ሁሉ የማከብራት ይቺን ብቻ ናት። ያወጧት አያቶች እኔን አስበው መሆን አለበት።

እሱም መብት አለው። እጄ ሳህኑ ጋ ስትደርስ በማንኪያ ጀርባ ይመታታል። ካመለጠችው ሥጋው የኔ። ዛሬ አመለጠችው። ትናንትም። ያለፈው ሳምንትም...

«አርጅተሃል ማሉሜ።»

«አንተ ፈጥነህ ነው እንጂ።»

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

አዲስ ቤተሰብ ከፖሎክዋኔ መጣ። አባት፣ እናት፣ ሁሉን የሚፈራ የአራት ዓመት ልጅ (ጅግራ አይቶ አለቀሰ!) እና ኦራቲሌ። ኦራቲሌ ስምንት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሶቿ የሉም። ጥያቄ ግን አላት... ኧረ ጥያቄ!

«ዝሆን ያዛጋል?»

«እናትሽ ስታወራ ብቻ።»

ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት። የእጄን አገኘሁ።

ውሃው ዳር ትልቅ የአንበሳ ዱካ አገኘን። ጄሶውን ራሷ አፈሰሰች። ስንፈለቅቀው አንዷ ጣት ከጫፏ ተሰበረች። ልጅቷ በልቅሶ ልትፈነዳ ሆነች። «ይሄማ ጣቱን የተሰበረ አንበሳ ነው። በዓለም አንድ ብቻ ነው ያለው» አልኳት። ወዲያው ዝም። «የኦራቲሌ» ብላ ጻፈችበት። እስኪደርቅልኝ መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኩት።

ከሰዓት በመኪና ወጣን። ልጆች ካሉ እኔም ከኋላ እሳፈራለሁ። ማሉሜ እንደ ልማዱ መኪናው አፍንጫ ላይ በተገጠመችው ወንበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ዱካ ሲያነብ ኖሯል። እኔ ከመወለዴ በፊት! እዚህ ሥራ የገባሁት ያቺን ወንበር አይቼ ነው፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። እሱን ግን በየቀኑ እጠይቀዋለሁ።

«መቼ ነው የምትወርድልኝ?»

«ስትጎትተኝ።»

ሾፌራችን ዊልሰን ሰሞኑን አፉ አላርፍ ብሏል። መንገዱን ሁሉ «ባባ፣ ያ በስተቀኝ ከኩይሳው ሥር ያለው ጎሽ አይደለም?» «ባባ፣ የነብር ዱካ አይደለም ወይ ግራ ጠርዝ ላይ?» ማሉሜ «ነው» ይላል። በቃ፣ ነው። «ዊልሰን፣ ደሞዝህ በቃል ቁጥር ሆነ እንዴ?» አልኩት። ዞሮ አየኝ። ሌላ ጊዜ ይስቅ ነበር...

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ሲመሽ እሾሃማውን ቅርንጫፍ ከመኪናው ኋላ አስረን መንገዱን ጠረግን። ሁሌም እንዲህ ነው፤ ማታ ይጠረጋል፣ ጠዋት ያለፈው ሁሉ ይነበባል። አሸዋው እንደ አዲስ ደብተር ሆኖ አደረ ማለት ነው።

እና እኔ ባዶ ደብተር አይቼ ዝም ማለት እችላለሁ?

የኦራቲሌ ጄሶ አለ። ግራ የፊት እግር። ነገ ማልጄ አትመዋለሁ። ግራ፣ ግራ፣ ግራ፣ ግራ... አራት ግራ እግር ያለው አንበሳ! ማሉሜ ሲያየው ምን ይላል? «ይሄ አንበሳ ወታደር ቤት ነበር» ይል ይሆናል። ከዚያ በዱላው ያባርረኛል። ልጆቹ ይሞታሉ በሳቅ። ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ዛሬ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

እሺ። ልጻፈው።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ከበሩ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። አሥራ አራት ጊዜ አተምኩ። ሁሉም ግራ፣ ሁሉም እኩል የተራራቀ፣ በገመድ ላይ እንደተሰጣ ካልሲ። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ እንኳ አይታለልበትም። እንዲታለል አልነበረም! እምላለሁ። እንዲስቅ ነበር...

ተመልሼ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ተሳፈርኩ፤ መኪናው ዱካው ጋ ደረሰ። ዊልሰን አየው። በመስታወቱ እኔን አየኝ። ፍሬን አልያዘም፤ «ባባ፣ የቆየ ነው፣ እንለፈው» አለ። ትንሹ ልጅ ግን ወንበር ላይ ቆሞ «ዱካ! ዱካ!» ይጮሃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልፈራው ነገር። ዊልሰን ምን ያድርግ? ቆመ።

ማሉሜ ወረደ። በእግሩ መርገጫውን ፈልጎ፣ ቀስ ብሎ። እኔ ሳቄን በጉንጬ ይዤ እጠብቃለሁ። ጎንበስ አለ። የዱካውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

«ወንድ ነው» አለ። «ትልቅ። ብቻውን ነው። ሳይነጋ ወደ ወንዙ ወርዷል።»

ቀልዱን ጠበቅኩ። አሁን ይላል፣ አሁን ይላል... ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አይደለም።

ኦራቲሌ ከመኪናው አንገቷን አውጥታ «አባባ! ይሄ እኮ የኔ አንበሳ ነው! ጣቷ የተሰበረችው! እዩት፣ ሁሉም እግሩ አንድ ዓይነት ነው!»



ከዚያ አባቷ አጨበጨበ። «ጉድ! ሽማግሌው እንዴት አድርገው ሸወዱን!» ማሉሜ ዱካውን እንደገና በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ሳቀ። ትልቅ ሳቅ። «ያዘችኝ! ልጅቷ ያዘችኝ!» ዱላውን እየነቀነቀ። ሁሉም ሳቀ። ዊልሰን ብቻ ሲቀር።

ከዚያ ማሉሜ ወደ መኪናው ቀኝ ዞረና «አንተ ሌባ! ይሄ ያንተ ሥራ ነው!» አለ።

ቀኝ በኩል የተቀመጠችው የኦራቲሌ እናት ናት። እኔ ግራ ነበርኩ። ከሱ አራት እርምጃ።

ያኔ ነው የገባኝ።

ስንመለስ ዊልሰን መኪናው ማጠቢያ ጋ ያዘኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ምን ነበረበት?

«ሁለት ዓመት» አለኝ። «ሁለት ዓመት ዓይን ሆኜለት። እስከ ፋሲካ ብቻ ነበር የቀረው። በፋሲካ በገዛ እግሩ ሊወርድ ነበር። በክብር። ጠላ ተጠምቆ፣ ሰው ተጠርቶ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ላንተ? ላንተ የተነገረውን እስከ ምሳ ዝንጀሮዎቹም ይሰሙታል።»

እውነቱን ነው።

ማሪና ደግሞ ከራሷ ከኦራቲሌ ሰማች፣ የማሉሜ ዓይን መድከሙም ያኔ ገባት። ልጅቷ ቁርስ ላይ ጄሶዋን ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ታወራዋለች። ደስ ብሏት። ምን ጥፋት አላት? ዛሬ ሄዱ። አቅፋኝ «በዓለም አንድ ብቻ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ማሪና ማሉሜ ዓይኑን ይታይ አለች። እኔ ወሰድኩት። በሚኒባስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ሐኪሟ ወጣት ናት። የዓይኑ ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለች። የቀረው ስንት እንደሆነ አልጠየቀም። ያውቀዋላ።

ስንመለስ «ውሃ ይፈልጋሉ?» አልኩት። ሳላውቀው።

ወደ ኋላው ዞረ። «ማንን ነው? ከኋላዬ ሽማግሌ አለ?»

«ማሉሜ... ተቆጣኝ።»

«አልችልም። የእህቴ ልጅ ነህ።»

«አንዴ ብቻ።»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ምን እያየ እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ማሪና ጠራችን። መጀመሪያ ዊልሰንን። ድምፅዋ እስከ ውጭ ይሰማል። «ሕፃናት ናቸው! በእግር ከኋላው የሚሄዱት ሕፃናት ናቸው! ጎሽ ቢወጣባቸውስ?» ትክክል ናት። ትክክል መሆኗ ነው የሚያንገበግበኝ። ብትሳሳት ኖሮ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ለማሉሜ እሳት ዳር ተቀምጦ ለልጆች ተረት እንዲነግር ሐሳብ አቀረበች። «ከወንበሬ ወርጄ እሳት አልሞቅም» አላት። በትህትና።

በመጨረሻ እኔን። እባረራለሁ ብዬ ሸሚዜን ሁሉ አጣጥፌ ነበር። አመሰገነችኝ! አደጋ ሳይደርስ አጋለጥክልን አለችኝ። እኔ? እኔ ማንን አጋለጥኩ? ልጆቹ ይወዱሃል፣ ዱካም ታውቃለህ፣ ሐሰተኛውን እንኳ አሳምረህ ትሠራለህ ብላ ሳቀች። ወንበሩን እንድለማመድ ትፈልጋለች።

አይሆንም አልኳት። ሮጬ ወጣሁ። ቀልዴን ሰምተው የማይስቁ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። በቀልዴ የሚሸልመኝ ሰው ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ከዱላም ይከፋል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ማሉሜ ሄደ። ጠላ አልተጠመቀም። ሰው አልተጠራም። አንድ ሻንጣ፣ ዱላው፣ የዓይን ጠብታው።

ሚኒባሱን ስንጠብቅ ከሻንጣው አጥፎ ያስቀመጣትን የፍየል ቆዳ አወጣ። ወንበሩ ላይ የሚያነጥፋት ናት። መሐሏ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል።

«እምቢ አልክ አሉኝ።»

«ያንተ ወንበር ነው።»

«ሥጋዬስ የማን ነበር? አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ዓይኔን ቆዳዋ ላይ ተከልኩ።

«ታዲያ ይሄንንም ውሰድ። ካልወሰድከው ነው የሚያምመኝ። ባዕድ ሰው ይቀመጥበታል።»

ቆዳዋን ደረቴ ላይ ገፋት። ደረቴን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ትከሻዬን ዳሰሰ።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

የመጀመሪያ ቀን ወንበሩ ላይ። ከፊት ሲኮን ሰው ሁሉ ከኋላ ነው። ቀልድ ብትናገር ማን እንደሳቀ አታይም። ዊልሰን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለኔ «በስተቀኝ» የሚለኝ የለም።

ጄሶ ዛሬም አፈሰስን። ከደረቀ በኋላ ግን ሁሉንም እዚያው አስፈረምኳቸውና ሰጠኋቸው። መደርደሪያዬ ባዶ ነው።

እሑድ፣ ማርች 9

የዕረፍት ቀን። ማሉሜ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዶሮ አርዳ፣ ነጭ ገንፎ አገንፍታ ጠበቀችኝ። የዘንድሮ የመጨረሻው የማሩላ ጠላ። የዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«ምን አየህ?» አለኝ፣ ገና እንደተቀመጥኩ።

አንበሳ ልፈጥርለት አማረኝ። ሁለት፣ ሦስት፣ ከነደቦሎቻቸው። ማን ያውቅብኛል? አሁን ዓለም ሁሉ እኔ የነገርኩት ብቻ ነው ለሱ።

«አንበሳ የለም። ከርከሮ፣ ጅብ፣ አንድ ነብር። ጠርዝ ጠርዙን ነው የሄደው።»

«የኋላ እግሩ የፊቱን ዱካ ረግጦታል ወይስ አልፎት አርፏል?»

«...አላየሁም።»

«ካለፈው ፈጥኗል። ከረገጠው ተረጋግቷል። ነገ እይ።»

በላን። እጄ... ልማድ ነው፣ እኔ አላዘዝኳትም፣ ሄደች። እሱ ሳህን ላይ የቀረው አንድ የዶሮ ጭን ብቻ ነው። አነሳሁት። የእንጨት ማንኪያው ቀኙ ጋ ተቀምጧል። አልተነቃነቀም። ማሉሜ ወደኔ ዞሮ ያላምጣል፣ ዓይኑ ከጆሮዬ አልፎ የሆነ ቦታ ላይ። ድሮ ያመለጠችው እጄ ሁሉ ታወሰችኝ። «አርጅተሃል» ያልኩት ሁሉ። እኔ ፈጥኜ አልነበረም።

ጭኑን ቀስ ብዬ፣ ድምፅ ሳላሰማ መለስኩት።

ጧ!

ማንኪያው እጄ ላይ። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«ስትወስድ ሰምቼሃለሁ» አለ። «ይብላ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የምትመልሰው ለምንድነው? ከመቼ ወዲህ ነው የእህት ልጅ የሚመልሰው? ሞቼ እንግዳ ሆነህ መጥተህብኛል?»

ተቆጣ። የለመንኩትን ቁጣ ሰጠኝ። ግን ለዱካው አይደለም...

«ውሰድ!»

ወሰድኩ። ምን ላድርግ? በላሁት። እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ሳህኑን በጣቱ ዳስሶ፣ ገንፎውን ባዶውን በላ።