የቦራን አፍ የከፈቱ ሰዎች

አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ሠራተኛ ሰፈር
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዘሩባቤል
ጅቡቲ

ዘሩዬ፣ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ስለጠየቅኸን አይደለም፤ ደብዳቤ ያለዚህ ስለማይጀመር ነው።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ እንዳይመስልህ። ስደውል ወይ አታነሳም፣ ወይ "ስብሰባ ላይ ነኝ እማዬ" ትለኛለህ። የወደብ መጋዘን ተቆጣጣሪ እሁድ እሁድ የምን ስብሰባ አለው? ስለዚህ ደብዳቤውን ለእሸቴ ሰጠሁት፤ ለዚያ ተሳቢ እየነዳ ጅቡቲ ለሚመላለሰው የሰፈራችን ልጅ። በእጅህ እንዲሰጥህ፣ አንብበህ እስክትጨርስም አጠገብህ እንዲቆም አዝዤዋለሁ። ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋብኝም።

ጉዳዬ ስለ ቦራ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ጋጣው ውስጥ ገብተህ የፈረሱን አንገት አቅፈህ "እስክመጣ ጠብቁልኝ" ማለትህን ታስታውሳለህ? እኔ አልረሳሁትም። ያን ቀን በልቤ፣ ቦራ ጋጣው ውስጥ እስካለ ይሄ ልጅ ይመለሳል ብዬ ያዝኩ። ትልቅ ሴት ተስፋዋን ፈረስ ላይ ትሰቅላለች ወይ ብለህ ብትስቅ ሳቅ። እኔ ሰቅዬዋለሁ።

እና ክረምቱ እንደወጣ ቦራ መክሳት ጀመረ። ያ ሙሽሮች ምኒልክ አደባባይ ላይ ተቀምጠውበት ፎቶ የሚነሱበት ፈረስ፣ ጎድኑ ከሩቅ ይታይ ጀመር። ልጓም ሲገባለት ራሱን ይወረውራል። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ የሚኮርጅ ልጅ ከጀርባው ይታወቀኛል። ዓይኔን ጣል ያደረግሁት ሚስትህ ሰገን ላይ ነው።

ለምን አትለኝም? የፉርሽካው ሳጥን ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ፈረሱ ይከሳል፣ ሳጥኑ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ታዲያ ማን እየበላው ነው? አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቢሮዋ ልትሄድ ስትል ከጋጣው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። "ምንድነው እሱ?" አልኳት። "ምንም አይደል እማዬ፣ ቆሻሻ ነው" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቆሻሻ በቦርሳ ተይዞ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ይሄዳል? ፋራ መሰልኳት?

ትንሽ ቆይታ ደግሞ የቦራን ከንፈር ገልባ በስልኳ ፎቶ ስታነሳው በመስኮት አየኋት። በዓይኔ በብረቱ! አመሻሹ ላይ ጓዳ ገብታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፦ "አሥራ አንድ ዓመቱ ነው... አዎ፣ ጥርሱን ራስዎ መጥተው ቢያዩት ይሻላል... አማቴ ባይሰሙ ጥሩ ነው፣ ይጨነቃሉ።" እጨነቃለሁ? ምን ልታደርጉ ነው የምጨነቀው? የያዝኩትን ሳህን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ በራችን ላይ ያለው ባለሱቅ ሙሄ ጋ ሄድኩ። ሙሄ ጉራጌ አገር ከፈረስ ጋር ነው ያደገው። "ሙሄ፣ ሰው የፈረስ ጥርስ የሚያየው ለምንድነው?" አልኩት።

ስኳር እየመዘነ፣ ቀና እንኳን ሳይል "ሊገዛ ነዋ እትዬ ቆንጅት! ዕድሜውን በጥርሱ አይደል የሚያውቁት? ገዢ ካልሆነ ማን ሥራ ፈቶ የፈረስ አፍ ይከፍታል? ወላሂ ስንቱን ገበያ አይቻለሁ" አለኝ። ከዚያ ሚዛኑን ተወት አድርጎ አየኝ። "ምነው፣ ቦራን ልትሸጡት ነው እንዴ?"

የገዛሁትን ሳሙና ባንኮኒው ላይ ረስቼ ነው የተመለስኩት።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂ ሆንኩልህ። ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሰገን "እማዬ፣ ዛሬ የጸሎት ፕሮግራም አይሄዱም እንዴ?" አለችኝ። ነጠላዬን ራሷ አምጥታ አለበሰችኝ። እንዲህ ስትንከባከበኝ ነገሩ አልጥም አለኝ። ሄድኩ ብዬ ወጣሁና አደባባዩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። በሩን ቀስ አድርጌ ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ቱታ የለበሰ ጎልማሳ፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ቦራ አፍ ውስጥ ሰዶታል! ፈረሱ አፉ በብረት ተወጥሮ፣ አንገቱ እንደ ሰካራም ዘንበል ብሎ፣ ለሃጩ ይዝረከረካል። ሰገን ማሰሪያውን ይዛለች። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ቀላ ብሏል።

"ሌቦች!" ብዬ መጥረጊያውን አነሳሁ። "ምን አጠጣችሁት? ልትሸጡት ነው ወይስ ልትገድሉት?"

"እማዬ ቆይ! ሐኪም ናቸው!" አለች ሰገን።

ሰውዬው ክንዱን ቀስ አድርጎ አወጣ። "ማደንዘዣ ወግቼው ነው እማማ፣ ቆሞ እያንቀላፋ ነው እንጂ ምንም አልሆነም። ሉልሰገድ እባላለሁ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ።"

"መታወቂያ!" አልኩት።

አሳየኝ። መታወቂያውን ስንቱ ያሠራዋል ብዬ መጥረጊያዬን አላስቀመጥኩም። አልተቀየመኝም። "በሉ እንግዲህ ጣትዎን እዚህ ያስገቡና ይፍረዱ" አለኝ። አስገባሁ። ዘሩዬ፣ የላይኛው መንጋጋ በጉንጩ በኩል ዳሩ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ነው! ጣቴን መንጨቅ አድርጌ አወጣሁት። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል አለኝ። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ እኩል አይበላም፤ ቀኑን ሙሉ ሣር የማይግጥ የከተማ ፈረስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዳሩ እየሾለ ይሄድና ባላመጠ ቁጥር ጉንጩን ይቆርጠዋል። ልጓሙን የጠላውም ለዚሁ ነው።

የፌስታሉም ነገር ያኔ ወጣ። ቦራ አላምጦ አላምጦ መዋጥ ሲያቅተው የሚተፋው የድርቆሽ ጉርሻ ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ገብሱ ሳይደቅ እንዳለ የወጣበት ፋንድያ። ፉርሽካው የጎደለውም ድርቆሹን ስለተወ በውሃ አለስልሳ እሱን ስለምትጨምርለት ነው። ሚስትህ ለሐኪሙ ልታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ፋንድያ ይዛ ቢሮ ገብታለች! "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላት "ሙሄን ጠርተው ላንቃውን በጋለ ብረት ያስተኩሱታል ብዬ ፈራሁ" አለችኝ። መብላት እንቢ ያለን ፈረስ አባትህም እንደዚያ ያስደርገው ነበር። እና እውነቷን ነው፣ ባውቅ አስተኩሰው ነበር።

ከዚያ ሰውዬው ረጅም ሞረድ አውጥቶ ክርር ክርር ያደርገው ጀመር። ነጭ ዱቄት ይረግፋል፣ ያጥባል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ደግሞ ይሞርዳል። ሰገን ውሃ ልትቀይር ስትሄድ ማሰሪያውን እኔ ያዝኩ። የቦራ ትንፋሽ ፊቴ ላይ እየመጣ፣ የሚሸተኝ አንተ ልጅ ሆነህ ከጋጣ ስትወጣ የምትሸተውን ነበር። ሐኪሙ ሲጨርስ "የዛሬው ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ባያመውም በዓመት አንዴ መታየት አለበት" ብሎን ሄደ።

አመንኩ ብለህ ታስባለህ? አላመንኩም! ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቀለም ያስቀባ የለም? አሳምራ ልትሸጠው ነው ብዬ ጥበቃዬን ቀጠልኩ። ቦራ ግን ድርቆሹን ክሽም ክሽም ያደርገው ጀመር። ሰገን ከአትክልት ተራ የካሮት ቅጠል ታመጣለታለች፤ ሲበላ አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። እኔንም ለካ ታየኝ ኖሯል። "እማዬ፣ እርስዎም በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያላምጡት" ብላ ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ልታዘናጋኝ ነው ብዬ እሱንም ጠርጥሬ ነበር።

ጥር ሲገባ ቦራ ጎኑ ሞላ፣ ሠርግም ሠራ። ያኔ ነው ሌላው ሰው የመጣው።

ቀን ነበር፤ ሰገን ሥራ ላይ ናት። ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰውዬ በሩን አንኳኳና "ፈረሱን ላየው ነው የመጣሁት" አለኝ። ይኸው ተያዘች አልኩ በልቤ። ጥርጣሬዬ ስለደረሰልኝ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደስታ አለ። "ማን ልኮህ ነው?" አልኩት፣ ስሟን ከአፉ ለመስማት።

"ዘሩባቤል" አለኝ።

"የቱ ዘሩባቤል?"

"የጅቡቲው ነዋ። የቤቱ ልጅ። ደውሎልኝ 'ሂድና እየው፣ ከተስማማህ ውሰደው' ብሎኝ ነው።"

እኔ እዚያው እንደ ቆምኩ እሱ ጋጣ ገብቶ የቦራን ምላስ በጎን ስቦ አፉን ከፈተ። ሙሄ እንዳለው ነው፤ ገዢ እንዲህ ነው የሚከፍተው፣ ለራሱ። ቆይቶ ፊቱን አኮሳተረ። "እማማ፣ ይሄ ጥርስ ተሞርዷል። ዕድሜውን ልትደብቁ ነው?"

አታላይ ተብዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ "አዎ ተሞርዷል! ስንት ዓመቱ እንደሆነ እኛም ጠፍቶናል!" አልኩት። "አታላዮች" እያለ ወጣ። ለምን እንዳልተገዛ ነግሮህ ይሆናል። ይኸው አሁን እኔም ነገርኩህ።

ሰገን ስትመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። "ታውቂ ነበር?" አልኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። ከመስከረም ጀምሮ "ሽጪው" ትላት እንደነበር፣ እሷም "ከስቷል፣ አሁን ማንም አይገዛውም" ትልህ እንደነበር ነገረችኝ። ለእኔ ለምን እንደደበቀች ስጠይቃት "በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው ብለው የሚነሱትን ሴት ምን ብዬ ልንገርዎት?" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አሳከምሽው? ከስቶ ቢቀር ማን ይገዛው ነበር?"

"መብላት እያማረው ሲያመው እያየሁ እንዴት ልተወው፣ እማዬ?" አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አብሬያት አለቀስኩ። ያንን ሁሉ ጊዜ በመስኮት የጠበቅኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ያንተን ነገር ከእኔ ትደብቅልህ ነበር።

አሁን የምጠረጥረው ሰው አንድ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም ያሳደግኩት ልጅ ነው። ጅቡቲ ሌላ ቤት አለህ? ሌላ ሰው አለህ? ወይስ ችግር ላይ ወድቀህ አፍረህ ነው? ሦስቱንም ሳገላብጥ ነው የምውለው። የትኛውም ቢሆን እናትህ ነኝ፣ አልገድልህም። የሚገድለኝ አለማወቁ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከው እንዳለ ነው ወይ?

ቦራን በተመለከተ፣ አባትህ የገዛው የእኔ ፈረስ ነው፣ ስለዚህ ለሰገን ሰጥቻታለሁ። ሙሄና ባለቤቱ ኡሙሀኒ ምስክር ናቸው። ከእንግዲህ ልሽጠው ካልክ መጥተህ፣ ዓይኗን እያየህ እሷን ጠይቃት።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልብህንም ወደ ቤትህ ይመልስልህ። ብቀየምህም እወድሃለሁ።

እናትህ ቆንጅት

ሐኪሙ ለመጪው ኅዳር ቀጥሮናል። ቦራ እስኪሞረድ ማሰሪያውን የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። ባለፈው ስይዝ እጄ ሲንቀጠቀጥ ሰገን አይታኛለች። አንተ ትመጣለህ ብዬ ልንገራት ወይስ ሌላ ሰው ትፈልግ? ለእሸቴ ንገረው፤ አጠገብህ ቆሟል።